ሁለት ማይክ ለድንኳንና ለቆርቆሮ ቤት፦ ከደሴ የተወሰደ የጉዳይ ጥናት

መነሻ

ደሴ ውስጥ በሠርግና በመድረክ ድምፅ ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ወጣቶች የሚጠይቁኝ ጥያቄ አይለወጥም። ስልካቸውን ያወጣሉ፣ የማይክ ፎቶ ያሳዩኛል፣ "ጋሼ፣ ይኼ ይሻላል ወይስ ያኛው?" ይሉኛል። እኔም የአንዱን ስም ጠርቼ እሸኛቸው ነበር። በ2016 ዓ.ም. ክረምት የመጣውን ቡድን ግን በስም ብቻ መሸኘት አልቻልኩም። ሁለት ጊዜ ገዝተው ሁለቴም ከስረው ነበር። ሦስተኛውን ግዢ አብረን ሠራነው። ከነሐሴ እስከ ጥር ያየነውን እዚህ አሰፍራለሁ፤ ለሌላ ቡድን ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። የሰዎቹን ስም አልጠቅስም፤ የተስማማነውም እንደዚያ ነው።

ቡድኑ

አምስት ናቸው። አንዲት ዘፋኝ፣ አንድ ማሲንቆ ተጫዋች፣ አንድ ኦርጋን ተጫዋች፣ አንድ ከበሮ መቺና አንድ ተቀባይ። ሁለቱ ተማሪዎች ናቸው። ማሲንቆ ተጫዋቹ ቀን ቀን ባጃጅ ይነዳል። ሥራቸው ሁለት ዓይነት ነው። ቅዳሜና እሑድ ሠርግ ላይ ይጫወታሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ ድንኳን ውስጥ። በሳምንቱ መካከል ደግሞ ቤት ውስጥ ቀድተው በስልክ ይለቃሉ። የሚለቁትን የሰማ ሰው ነው ለሠርግ የሚጠራቸው። ስለዚህ ቀረጻው የትርፍ ጊዜ ጨዋታ አይደለም፤ እንጀራቸው ነው።

የሚቀዱት ከጦሳ ተራራ ግርጌ ባለው የዘፋኟ እናት ቤት ነው። ግድግዳው የጭቃ ሆኖ ተለስኖ ቀለም ተቀብቷል። ወለሉ ሊሾ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ኮርኒሱ ስስ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ክረምቷ ዝናብና ጉም ነው። ይህ ሁሉ ከማይክ ጋር ምን አገናኘው የሚል ካለ፣ ጉዳዩ በሙሉ ያለው እዚህ ላይ ነው።

በእጃቸው 24,000 ብር ነበር። የኦርጋን ተጫዋቹ እቁብ ደርሶት ነው የተገኘው። ጊዜው ደግሞ ከባድ ነበር። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር አለፈ። ማይክ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ነው። ሰኞ የጠየቁት ዋጋ ዓርብ ላይ አይገኝም ነበር። ሌላ ስህተት የሚችል ኪስ አልነበራቸውም።

ችግሩ

የመጀመሪያው ግዢያቸው የታወቀ ስም የተጻፈበት የመድረክ ማይክ ነው። አንድ ዘመድ ከአዲስ አበባ "ኦሪጅናል ነው" ተብሎ አመጣላቸው። ሁለተኛው በኢንተርኔት የተወደሰ ርካሽ ኮንደንሰር፣ ማለትም ረቂቅ ድምፅ ጭምር የሚያነሳ የማይክ ዓይነት ነው። ለቤት ቀረጻ ብለው ገዙት፤ "ጥራት አለው" ስለተባለ ግን ሠርግ ላይም ይዘውት ወጡ።

ግንቦት ላይ አንድ ሠርግ ነበር። ሙሽሮቹ ድንኳኑ ውስጥ ሲገቡ ማይኩ ጮኸ። ድምፁን ቀነሱት፤ ዘፈኑ አልሰማ አለ። ሲጨምሩት እንደገና ጮኸ። ሽማግሌዎች ጆሯቸውን ያዙ። የሙሽራዋ አጎት መጥተው "ልጆቼ፣ በቃ ዝጉት" አሉ። ዘፋኟ የቀረውን ሰዓት ያለ ማይክ ዘፈነች። በማግስቱ ድምፅዋ ተዘግቶ ነበር። ይህን ስትነግረኝ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። እኔም ያዘንኩት ለገንዘቡ አይደለም። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ጉሮሮዋን በዚህ መልክ መጨረስ የለባትም።

የቤቱ ችግር ሌላ ነው። ቀረጻዎቹን ሳዳምጥ ዘፋኟ በርሜል ውስጥ ገብታ የምትዘፍን ትመስላለች። ከኋላ ባጃጅ አለ፣ የጎረቤት ቴሌቪዥን አለ፣ ዶሮ አለ። ዝናብ በጣለበት ቀን የተቀዳው ደግሞ ከዘፈን ይልቅ ቆርቆሮ ይሰማበታል።

ቡድኑ የደረሰበት መደምደሚያ "ርካሽ ስለገዛን ነው" የሚል ነበር። 24,000ውን በሙሉ አንድ ጥሩ ኮንደንሰር ላይ ሊያውሉት አስበዋል። እኔ "ገንዘቡን ያዙት፤ መጀመሪያ ያላችሁን ዕቃ ሁሉ አምጡልኝ" አልኳቸው።

ያለውን መፈተሽ

በታወቀው ማይክ ጀመርን። የተጻፈበት ሞዴል የሹር ኤስ.ኤም.58 ነው። ይህ ማይክ ከ1966 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ የሚሠራ ነው። በዓለም መድረክ ሁሉ ስለሚታወቅ ኮፒው የበዛ ነው። የእውነተኛው ክብደት 298 ግራም ነው። የኛን ፒያሳ ወዳለ አንድ ወርቅ ቤት ወሰድነው። ባለቤቱ ሳይሰለቹ ሚዛናቸው ላይ አስቀመጡልን፤ 298 አልሞላም፣ በብዙ ጎደለ። ሌላም ምልክት ነበረው። እውነተኛው ኤስ.ኤም.58 ማብሪያ ማጥፊያ የለውም፤ ማብሪያ ያለው ዓይነት በስሙ መጨረሻ ኤስ የሚል ፊደል ይጨመርበታል። የኛ ማብሪያ አለው፣ ፊደሉ ግን የለም። ኮፒ ነው። ክብደት ብቻውን ማስረጃ እንደማይሆን ግን ልጨምር። ክብደቱን አስተካክሎ የሚሠራ ኮፒም አለ። ቀለለ ማለት ኮፒ ነው፤ ከበደ ማለት ግን ኦሪጅናል ነው ማለት አይደለም።

ማሲንቆ ተጫዋቹ ሊጥለው ፈለገ። ቆይ አልኩት። ቀጥሎ ያየነው ኬብሉን ነው፤ ያስገረመንም እሱ ነው።

ኬብሉ በማይኩ በኩል ካኖን፣ በሚክሰሩ (ድምፆችን በሚያቀላቅለው መሣሪያ) በኩል ሞኖ ጃክ (ባለ አንድ ዘንግ መሰኪያ) ነበር። ባለ ሦስት እግሩ ካኖን በሁለቱም ጫፍ ሲኖር ድምፁ በሁለት ሽቦ ተቃራኒ ሆኖ ይሄዳል። በመንገድ የሚገባ ጩኸት በሁለቱም ሽቦ እኩል ስለሚገባ ሚክሰሩ ጋ ሲደርስ እርስ በርሱ ይጣፋል። ጃኩ ግን ይህን መከላከያ ያፈርሰዋል። የኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል ማለት ነው። ያ "እምምም" የሚል ድምፅ ከመብራቱ መስመር የሚገባ ነው። በዚያ ላይ የጃኩ ብየዳ ላልቶ ነበር። የራሴን ካኖን በካኖን ኬብል ስሰካበት ጉምጉምታው ጠፋ። ኮፒው ማይክ እንኳ ሰው ሆነ። ለወራት ማይኩን ሲረግሙት የኖሩት በኬብል ጥፋት ነበር።

ከዚያ ኮንደንሰሩ። እዚህ ላይ ስለ ሁለቱ ዓይነት ጥቂት ማለት አለብኝ። ዳይናሚክ ማይክ ውስጥ ስስ ሽፋን አለ፤ ከሽፋኑ ጋር የተያያዘ የሽቦ ጥቅል ማግኔት መካከል ይንቀሳቀሳል። ኤሌክትሪኩ ከዚያ ይወጣል። ሌላ ኃይል አይፈልግም። ጠንካራ ነው፤ ቅርብ ያለውን ይሰማል፣ ሩቁን ብዙም አያነሳም። ኮንደንሰር ግን በጣም ስስ ሽፋን ከአንድ ሳህን ፊት ለፊት ተወጥሮ የሚሠራ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከሚክሰሩ 48 ቮልት ፋንተም፣ ማለትም በማይኩ ኬብል የሚላክ ኃይል ይፈልጋል። ረቂቅ ድምፅ ያነሳል። የከንፈር መላቀቅ፣ የልብስ መንሿሿት፣ የሦስተኛ ቤት ዶሮ፣ ሁሉንም።

የኛው ኮንደንሰር የመጣው ከስልክና ከኮምፒውተር የሚሰካ ስስ ኬብል ይዞ ነው። 48 ቮልት አግኝቶ አያውቅም። ስልኩ ላይ ሲሰኩት ደግሞ ጨርሶ አልሠራ ብሏቸው ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው። የስልክ መሰኪያ ማይክ እንዲሰማ አራት መገናኛ ያለው ጃክ ይጠይቃል፤ የነሱ ባለ ሦስት ነው። ስልኩ የራሱን ማይክ ይዞ ይቀዳ ነበር፤ እነሱ የገዙት የቀዳ ይመስላቸው ነበር። ይህን ስነግራቸው ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ።

የእናትየው ጆሮ

ጊዜው ፍልሰታ ነበር፤ ሠርግ የለም። አንድ ከሰዓት በእናቷ ቤት ተሰባሰብን። ሦስት ማይክ አቀረብን። ኮፒውን በጥሩ ኬብል፣ ኮንደንሰሩን ከእኔ ሚክሰር 48 ቮልት እየተሰጠው፣ እና የኔን አሮጌ ዳይናሚክ። ዘፋኟ አምባሰል ዘፈነች። አንዱን ስንኝ ሦስት ጊዜ፣ ከማይኩ አንድ ጋት ርቃ። የድምፁን ከፍታ አስተካክዬ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳልናገር በጆሮ ማዳመጫ አሰማሁ። ከፍታውን ማስተካከል ግድ ነው፤ ሰው ጆሮ ላይ ጮክ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል።

ልጆቹ ተከራከሩ። ሁለቱ ኮንደንሰሩን መረጡ፤ ጥርት ያለ ነው አሉ። እውነትም ጥርት ያለ ነው። እናትየዋ ቡና እያፈሉ ነበር። እርሳቸውም ይስሙ ተባለ። ኮንደንሰሩንና የኔን ዳይናሚክ ካዳመጡ በኋላ ዳይናሚኩን መርጠው "ይኼኛው ልጄ ናት። ያኛው ቤታችን ነው" አሉ።

ከዚህ የተሻለ መግለጫ እስካሁን አልሰማሁም። ኮንደንሰሩ ከዘፋኟ ጋር ሊሾውን፣ ቆርቆሮውን፣ የረከቦቱን ስኒ ሳይቀር ቀድቷል። ጥፋቱ የማይኩ አይደለም። ድምፅ ያልተስተካከለበት ክፍል ውስጥ ከገባ፣ ስንት ብር የወጣበትም ኮንደንሰር ያንኑ ቤት ይበልጥ አጥርቶ ያሰማል። ለኛ ሰፈር ጥሩ ማይክ ማለት ብዙ የማይሰማ ማይክ ነው። የቡድኑን ግዢ የወሰነው ይህ ነው።

ግዢው

ሁለት አማራጭ ነበረን። አንደኛው አንድ እውነተኛ ኤስ.ኤም.58 መግዛት ነው። ሁለተኛው ሁለት ቤሪንገር ኤክስ.ኤም.8500 ገዝቶ የተረፈውን ኬብልና ሌላ ዕቃ ላይ ማዋል ነው። ሁለቱም ዳይናሚክ ናቸው። ሁለቱም ፊት ለፊታቸውን ሰምተው ከጀርባቸው ያለውን የሚቀንሱ ናቸው። ወረቀት ላይ ሁለቱም ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ ድምፅ ከ50 እስከ 15,000 ኸርዝ ይሰማሉ ይላል። ወረቀት ግን ሁሉን አይናገርም። በእኔ ጆሮ ርካሹ ከላይ ትንሽ ይሾላል። በእጅ ሲይዙት የጣት እንቅስቃሴም ይበልጥ ይሰማበታል። በዋጋ ግን የሰማይና የምድር ልዩነት አላቸው።

ኤክስ.ኤም.8500ን መረጥን። ሁለቱ ማይኮች ከገንዘቡ ግማሽ ያህሉን ወሰዱ። በቀረው ሦስት ካኖን በካኖን ኬብል፣ ሁለት ማቆሚያ፣ የአፍ ስፖንጅና አንድ ማይክ የሚያስገባ አነስተኛ ሳውንድ ካርድ (ማይክን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ ዕቃ) ገዛን። ኬብሎቹ ላይ እኔ ነኝ የተከራከርኩት። ኦርጋን ተጫዋቹ "ለሽቦ ይኼን ያህል?" አለ። ዛሬ እሱ ራሱ ነው ኬብሉን በእጁ ላይ ሳያጣጥፍ ዙሪያውን እየጠቀለለ የሚያስቀምጠው።

ስንገዛ ያደረግነውን አንድ ነገር ልናገር። ሻጩ ፊት ማይኩን ሰክተን አሰማን። ዘፋኟ ሱቁ ውስጥ ዘፈነች። መንገደኛ ቆመ። አፍራ ነበር፤ ግን ሳያሰሙ የሚሸጡትን ትተን ወጥተናል። ሳይሰሙ ከመግዛት ማፈር ይሻላል።

ድንኳኑ

መስከረም አልፎ ሠርግ ሲጀምር የመጀመሪያው ሥራ ደሴ ውስጥ ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር ነበር። አብሬ ሄድኩ። ድንኳኑ ሲተከል ስፒከሮቹ ከተጫዋቾቹ ኋላ ቆመው አገኘኋቸው። ሁሌም እንደዚያ ነው የሚቆሙት፤ ግድግዳው ስላለ አይወድቁም። ማይክ የሚጮኸው ግን ከዚህ ነው። ማይኩ ስፒከሩን ይሰማል፣ ስፒከሩ ያንኑ መልሶ ያወጣል፣ ማይኩ ደግሞ ይሰማል። ክቡ በሰከንድ ክፍልፋይ ይዞራል። ስፒከሮቹን ከተጫዋቾቹ ፊት አወጣናቸው፣ ፊታቸውን ወደ እንግዳው። ሞኒተሩን፣ ዘፋኟ ራሷን የምትሰማበትን ስፒከር፣ ደግሞ እግሯ ሥር፣ ከማይኩ ጭራ ትይዩ አደረግነው። የዚህ ዓይነት ማይክ ጆሮ የሌለው ልክ ከጀርባው ነው።

ቀጥሎ አያያዝ። ዘፋኟ የማይኩን ወንፊት በመዳፏ ጠቅልላ ነበር የምትይዘው፤ በቪዲዮ ያየችው ነው። ማይኩ የጀርባውን ድምፅ የሚያጠፋው ከወንፊቱ ሥር ባሉት ቀዳዳዎች ነው። በእጅ ሲታፈኑ ከሁሉም አቅጣጫ መስማት ይጀምራል፣ ይጮኻልም። ወገቡን እንድትይዝ ነገርኳት። ሁለተኛ፣ ወደ አፏ እንድታቀርበው። በአፍና በማይክ መካከል ያለው ርቀት በግማሽ ሲያጥር ድምፁ በ6 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ ነው) ይጨምራል። አንድ ስንዝር የነበረው ግማሽ ስንዝር ሲሆን ሚክሰሩን ሳንነካ ይህን አገኘን። ነጻ ነው፤ ብር አይጠይቅም። አምባሰል ላይ ድምፅዋ ወደ ላይ ሲወጣ ደግሞ ማይኩን ራቅ ታደርገዋለች። ይህን ማንም አላስተማራትም፤ ራሷ በሁለት ሠርግ ለመደችው።

ከሁሉ በላይ ለውጥ ያመጣው ግን የቀነስነው ማይክ ነው። ቀድሞ አራት ማይክ ይከፍቱ ነበር። አንዱ ለከበሮ። ከበሮ ድንኳን ውስጥ ማይክ ምን ያደርግለታል? እሱ ራሱ በሁሉም ማይክ ይገባል። የተከፈተ ማይክ ቁጥር በእጥፍ ባደገ ቁጥር፣ ሳይጮህ የምናገኘው ኃይል በ3 ዴሲቤል ይቀንሳል። ሁለት ማይክ ብቻ ከፈትን፤ አንዱ ለዘፋኟ፣ ሁለተኛው ለማሲንቆ። ተቀባዩ ያቺን ኮፒ ይዞ፣ ተራው ሲደርስ ማብሪያዋን ይከፍታል፣ ሲጨርስ ይዘጋል። ልንጥላት የነበረችው ማይክ ሥራ አገኘች።

ማሲንቆው አስቸገረን። የፈረስ ጭራው አንድ ነው፤ ድምፁ የሚወጣው ከተወጠረው ቆዳ ነው። ኦርጋን አጠገቡ ሲኖር ይዋጣል። ማይኩን በማቆሚያ ዝቅ አድርገን ከቆዳው አንድ ስንዝር አራቅነው፤ ደጋኑ ከሚሄድበት ትንሽ ዘወር አድርገን። ኦርጋን ተጫዋቹም ማሲንቆ ሲመጣ እጁን እንዲያሳርፍ ተስማማን። እውነቱን ለመናገር ይህ ሁለተኛው ነው የበለጠ የሠራው። ማይክ ሊፈታው የማይችለውን ሙዚቀኛው ፈታው።

ያን ቀን ማይኩ አንድም ጊዜ አልጮኸም። ሠርገኛው "ድምፅ ጨምሩ!" ማለቱን አልተወም። የጨመርነው ግን ኤኮውን በመቀነስ ነው። እኛ አገር ኤኮ ይወደዳል። ድንኳን ውስጥ ሲበዛ ግን ቃሉን ያጠፋዋል፤ ቃሉ የጠፋበት ሰው ደግሞ ድምፁ ያነሰ ይመስለዋል።

ቤቱ

ለቤቱ ማይኩን ከመስካታችን በፊት ክፍሉን አዘጋጀን። ዘፋኟን ከክፍሉ መሃል አንስተን ቁም ሳጥኑ ወዳለበት ጥግ ወሰድናት። ቁም ሳጥኑ ልብስ እንደሞላ ተከፈተ። ከኋላዋ በተዘረጋ ገመድ ላይ ባና ሰቀልን፤ ወፍራሙን የሱፍ ባና። ሊሾው ላይ ፍራሽ አነጠፍን። እናትየዋ "ቤቴን የበግ በረት አደረጋችሁት" ብለው ቢሥቁም፣ ሁለተኛውን ባና ያመጡት እርሳቸው ናቸው። በማጨብጨብ ፈተሽን። ቀድሞ ጭብጨባው ይደውል ነበር፤ አሁን ደረቅ ሆነ። ባና ዝናብና ባጃጅ ከውጭ እንዳይገባ አያግድም። የሚያደርገው ዘፋኟ ያወጣችውን ድምፅ ግድግዳው መልሶ እንዳይልከው መያዝ ነው። ከውጭ ለሚገባው መድኃኒቱ ማይኩን ማቅረብ ነው።

ዘፋኟ ከማይኩ አንድ ጋት ላይ ቆመች፣ ስፖንጅ ተደርጎ። በጣም ስትጠጋ ወፍራሙ ድምፅ ያብጣል፤ የእንዲህ ዓይነት ማይክ ጠባይ ነው። ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን በጣም ወፍራም ድምፅ ቆረጥነው፤ ለሴት ድምፅ ምንም አይጎድልባትም፣ የወለሉ ጉርምርምታ ግን ይሄዳል። የድምፅ ልኩን ያስተካከልነው በዘፈኑ መጀመሪያ ሳይሆን በጣም ከፍ ብላ በምታዜምበት ቦታ ነው። እዚያ ላይ ከዜሮ (ድምፁ መሰንጠቅ ከሚጀምርበት ልክ) በታች 12 ዴሲቤል እንዳያልፍ አደረግን። የቀደሙት ቀረጻዎች ሁሉ የተበላሹት እዚያ ቦታ ላይ ነበር፤ ከፍ ስትል ድምፁ ይሰነጠቅ ነበር። ለቀረጻ ኦዳሲቲ የተባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም ተጠቀምን፤ ክፍያ የለውም።

ዳይናሚክ ማይክ የሚልከው ድምፅ ደካማ ስለሆነ ከሳውንድ ካርዱ ብዙ ጌይን (የማጉያ ኃይል) ይፈልጋል። ጥጉ ላይ ስናደርሰው "ሽሽሽ" የሚል ድምፅ መጣ። መፍትሔው አሁንም መጠጋት ሆነ፤ ጌይኑን ሁለት ነጥብ መለስነው። ለስለስ ባለ እንጉርጉሮ ግን ሽሽታው እስካሁን በትንሹ አለ። አልደበቅነውም።

ያልሠራው

የእንቁላል ካርቶን። ከበሮ መቺው ሦስት ቀን ለፍቶ ግድግዳው ላይ ለጠፈ። ከውጭ የሚገባውን አላስቀረም፣ የውስጡንም ብዙ አልለወጠም። በአንዱ ባና የተገኘው ከዚያ ሁሉ ካርቶን ይበልጣል። ልፋቱ አሳዘነኝ፤ ቀድሜ መናገር ነበረብኝ።

ማሲንቆ ላይ የሚለጠፍ ትንሽ የደረት ማይክ ተውሰን ሞክረናል። የደጋኑን ግጭት አጎልቶ አወጣው፣ ድንኳን ውስጥም ጮኸ። በአንድ ሠርግ ተውነው።

ለኅዳር ሠርግ ርካሽ ገመድ አልባ ማይክ ተከራይተን ነበር፤ ዘፋኟ በሙሽሮቹ መሃል እንድትዘዋወር ብለን። በዘፈኑ መካከል ሁለት ጊዜ ተቋረጠ። በዚያው ገንዘብ ረጅም ኬብል ገዛን።

ሌሊት መቅዳትም ሞክረናል። ጸጥታው ጥሩ ነው። ውሻ ግን አለ፤ ከሁሉ በላይ የዘፋኟ ድምፅ ደክሞ ነበር። ጥሩ የሆነው ከቀኑ ስምንት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለው ነው። የመስጊዱንና የቤተ ክርስቲያኑን ሰዓት ስለምናውቅ በመካከሉ እንቀዳለን።

ኮንደንሰሩንም አልጣልነውም። የሰፈሩ የመንዙማ ልጆች ስድስት ሆነው አንድ ላይ መቅዳት ፈለጉ። ለስድስት ሰው ስድስት ማይክ የለም። ኮንደንሰሩን በ48 ቮልት መሃል አቆምን። ምንጣፍና መጋረጃ የሞላው ትልቅ ሳሎን ነበር። ድቤ መቺውን ሁለት ሜትር ወደ ኋላ አስቀመጥነው፤ መሪው ወደ ፊት ቀረበ። ያማረ ሆነ። ያው የተሰደበ ማይክ ነው፤ ቦታውን አግኝቶ ነው።

ሌላ ቡድን ቢጠይቀኝ

አሁን ማይክ ከመምረጣችን በፊት ሌላ ነገር እጠይቃለሁ። የት ነው የምትዘፍኑት? ጣሪያው ምንድን ነው? ኬብላችሁን አሳዩኝ። ስፒከሩ የት ነው የሚቆመው? ከእነዚህ አንዱ ችግር ካለበት አዲስ ማይክ ገንዘብ ማባከን ነው።

መድረክና ቤት ለሚጋሩት ቡድን በመጀመሪያ የምመክረው ዳይናሚክ ነው። ኮንደንሰር ተከታይ ነው፤ ክፍል ከተዘጋጀ፣ 48 ቮልት የሚሰጥ ሚክሰር ወይም ሳውንድ ካርድ ካለ። ገንዘቡን በሙሉ ማይክ ላይ የጨረሰ ቡድን ማቆሚያና ኬብል እየተዋሰ ይኖራል፤ ስለዚህ ግማሹን ለነዚያ አስቀሩ። ስሙ ታዋቂ፣ ዋጋው ግን በጣም የወረደ ዕቃ ካያችሁ ሚዛን ላይ አውጡት።

አንድ ነገር ግን ሌላ ቦታ እንዳለ ሊሠራ አይችልም። በጥር ወር ቡድኑ ኮምቦልቻ ወርዶ ሲጫወት ድንኳኑ በሁለት በኩል ክፍት ነበር፤ ነፋስ ገባ። ደሴ ላይ ያስተካከልነው ሁሉ እንደገና ተስተካከለ። ስፖንጁ ባይኖር ነፋሱ ማይኩ ላይ ይነፋ ነበር። መብራትም ሄዶ በጄኔሬተር ጨርሰዋል፤ በካኖን ኬብሉ ምክንያት ጉምጉምታ አልነበረም። እኔ አልነበርኩም፤ ሁሉን ራሳቸው ናቸው ያደረጉት። ማታ ደውለው "ጋሼ፣ አብሽር፣ አልጮኸም" አሉኝ።

አሁን

ዘፋኟ ጉሮሮዋ ድኗል። በወር ሁለት ሦስት ዘፈን ይቀዳሉ። ሁለተኛ እቁብ ጀምረዋል፤ ሲደርሳቸው እውነተኛውን ኤስ.ኤም.58 ለዘፋኟ ሊገዙ ነው፣ ከታወቀ ሻጭ፣ በሚዛን። ባናዎቹ ቀን ገመድ ላይ ናቸው፣ ማታ አልጋ ላይ።

ያልተፈታው የቆርቆሮው ጣሪያ ነው። ጠንከር ያለ ዝናብ ሲጥል የትኛውም ማይክ፣ የትኛውም ባና አያድንም። ያኔ ኮምፒውተሩን ይዘጋሉ፣ እናትየዋ ከሰል ያቀጣጥላሉ፣ እስኪያባራ ቡና ይጠጣሉ።